የአማቴ ተረከዝ

ከካርቱም ሸሽቼ ገዳሪፍ ስገባ የያዝኩት አንድ ሻንጣና አንድ ላፕቶፕ ነበር። ባሌ ቀደም ብሎ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። የኔ ወላጆች በሕይወት ስላልነበሩ ያረፍኩት እናቱ ቤት ነው። አማቴና እኔ ከዚያ በፊት አንድ ቤት ኖረን አናውቅም። በሰርጋችን ሰሞንና በዓል ለመዋል ስመጣ እንተያይ ነበር፤ ያኔም ከሰላምታ ያለፈ ብዙ አናወራም። ትምህርቴን አይወዱልኝም።

«ያገባች ሴት ካርቱም ተቀምጣ ምን ልትሆን ነው?» ይሉት ነበር ባሌን፣ እኔ እየሰማሁ።

የምማረው ሜላኖማ ስለሚባለው የቆዳ ካንሰር ነበር። በሽተኛ አይቼ ግን አላውቅም። የማየው ሕዋሳቱን ነው። ሕዋሳት እርስ በርስም ሆነ ከሥራቸው ካለው ነገር ጋር የሚያያዙት በፕሮቲን ነው፤ በፕሮቲኑ ላይ ደግሞ ጥቃቅን የስኳር ሰንሰለቶች ይለጠፉበታል። ሕዋሱ ካንሰር ሲሆን ስኳሩ ይለወጣል፣ ቅርንጫፍ ያበዛል፣ አያያዙም አብሮ ይለወጣል። እኔ ሕዋሳቱን ፕሮቲን በተቀባ ሳህን ላይ አፈስሳቸዋለሁ፣ እንዲይዙ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ አጥባለሁ። ታጥበው የሚሄዱ አሉ፣ ይዘው የሚቀሩ አሉ። ስኳሩን በኢንዛይም ቆርጬ ደግሞ እሞክራለሁ። ማፍሰስ፣ ማጠብ፣ የቀረውን መቁጠር፤ ዕድሜዬን እንዲህ ሳደርግ ቆየሁ። ጦርነቱ ሲጀመር መብራት ጠፋ፣ ሕዋሳቱም ማሞቂያው ውስጥ እንዳሉ ቀሩ። ስለነሱ ያዘንኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ያን ሰሞን የማስበው ውሃ ከየት እንደምናገኝ ብቻ ነበር።

ገዳሪፍ ሱቁ፣ ማለት ገበያው፣ አጠገብ ካለ አንድ ትንሽ የግል ላቦራቶሪ ሥራ አገኘሁ። ከጠዋት እስከ ቀትሩ ሶላት፣ እስከ ዝሁር አዛን ድረስ የወባ ደም አያለሁ። ከካርቱምና ከመደኒ የሸሸው ሰው ከተማዋን ስለሞላት ወረፋው ከበር ውጭ ይደርሳል። ቤት ስመለስ ዓይኔን ጨፍኜ መተኛት ነው የምፈልገው፤ ግን በካሮ፣ በአህያ ጋሪ፣ ውሃ የሚሸጠው ሰው በዚያ ሰዓት ስለሚመጣ በርሜሉን መሙላት አለብኝ። አማቴ ጠዋት ጠዋት የደረቀ ባምያ፣ ሱዳኖቹ ዌካ የሚሉትን፣ ሱቅ ወስደው ይሸጣሉ። ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ደክመን ጓሮ እንቀመጣለን።

አንድ ቀን እግራቸውን ታጥበው ሲጨርሱ ጠሩኝ።

«ነይማ አንቺ፣ ዓይንሽ ከኔ ይሻላል። ከተረከዜ ላይ እሾህ ተሰብሮ ቀርቷል። በመርፌ አውጪልኝ።»

«መቼ ነው የወጋዎት?»

«ቁረይሻ ሰምሰም ስናጭድ ነው። ቆይቷል። አሁን ግን ማቃጠል ጀምሯል።»

ቁረይሻ እርሻ ለሰምሰም፣ ለሰሊጥ አጨዳ መውረድ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። እግራቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ተረከዛቸው እንደማንኛውም የሠራ ሰው ተረከዝ የደደረና የተሰነጣጠቀ ነው። ከተረከዙ ወደ ውስጥ እግር በሚገባበት በኩል ግን ጥቁር ነገር ነበረበት። ጠርዙ የተበላሸ፣ አንዱ በኩል ገርጥቶ ሌላው በኩል የጠቆረ፣ መሐሉ አበጥ ብሎ የረጠበ። በኛ ሰው ላይ ይህ በሽታ ፀሐይ ባልነካው ቆዳ፣ ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር እንደሚወጣ መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ። መርፌው እጄ ላይ ነበር።

«እማማ፣ ይህን አልነካውም።»

«ለምን?»

«እሾህ አይመስለኝም። ሐኪም ይየው።»

እግራቸውን ከጭኔ ላይ ሳብ አደረጉት። «ካርቱም የተማርሽው ይኼን ነው? የባልሽን እናት እግር መጸየፍ?»

«አልተጸየፍኩም፣ በእግዜር።»

«ኸላስ፣ ተይው» አሉና ካልሲያቸውን አጠለቁ።

ጎረቤት ያለችው ሴት ዘንድ እሾህ ሊያስወጡ እንደሚሄዱ ስለጠረጠርኩ ቀድሜ ሄጄ ነገርኳት፤ «እባክሽ መርፌ እንዳታስገቢበት» አልኳት። እሷም ለአማቴ ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም። እራት አቀርባለሁ፣ ይበላሉ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ። ለባሌ ደወልኩለት። ምን እንደምጠረጥር ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ እናቱ ሕይወታቸውን ሙሉ በእሾህ ላይ የተራመዱ ሴት ናቸው። ከዚያ መቼ ሐኪም ዘንድ እንደምወስዳቸው ጠየቀኝ። በኋላ ለእናቱ ደውሎ ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ በማግስቱ ነጠላቸውን ደርበው ራክሻ፣ ባጃጅ፣ ጥሪ አሉኝ። ካልሲያቸው ላይ ደም ነበረበት።

መስተሽፋው፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ያየን ቀዶ ሐኪም እንደኔው ከካርቱም ሸሽቶ የመጣ ሱዳናዊ ነው። ጸጉሩ ያለጊዜው የሸበተ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው። እግራቸውን ብዙ አላየውም። ጓንቱን አወለቀና «ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ትንሽ ቆርጬ ለምርመራ እልካለሁ» አላቸው። አማቴ ዐረብኛ አሳምረው ያውቃሉ፣ ግን ወደኔ ዞረው፣

«ምን አለ?» አሉ በአማርኛ። ከተኳረፍን ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

የተቆረጠችው ቁራጭ በትንሽ ብልቃጥ መድኃኒት ውስጥ ሆና ወደ ከሰላ በአውቶቡስ ሄደች። ገዳሪፍ ያኔ በማይክሮስኮፕ የሚያነባት ሐኪም አልነበረም። ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ጠበቅን። ሐኪሙ ውጤቱን ሊነግረኝ ብቻዬን ሲያስገባኝ ምን ትሠሪ ነበር ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይኼንኑ?»

«ይኼንኑ። ሕዋሳቱን።»

«እንግዲያው የምነግርሽ የለኝም» አለ። «ጥልቅ ነው። ሰፋ አድርጌ ቆርጬ አወጣዋለሁ። ከወጣ በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት እዚህ የለም፤ ጨረር የሚሰጥበትም ቦታ ተዘግቷል። ለሳቸው አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል።»

ማታ ሳይሆን በቀን፣ ጎረቤት ባልነበረበት ሰዓት ነገርኳቸው። ካንሰር የሚለውን ቃል ሳልደብቅ አልኩት። አማቴ ዌካቸውን በወንፊት ያበጥሩ ነበር። አላቆሙም።

«ከቆዳ ላይ ነው አይደል? ቆርጦ ይጣለዋ። ምን ያስፈራል?»

«የሚያስፈራው ስለሚሄድ ነው።»

«እንዴት ነው የሚሄድ? እግር አለው?»

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ካርቱም ሆኜ ቢጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር።  ቢሆንም ነገርኳቸው። ሰውነታችን ከዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት እንደተሠራ፣ ጤነኛው የቆዳ ሕዋስ ጎኑ ያለውን ጨብጦ ካለበት እንደማይነቃነቅ፣ የሚጨብጥበት ፕሮቲን እንደሚባል፣ ፕሮቲኑ ላይ ስኳር እንደሚለጠፍበት። ሕዋሱ ሲታመም ያ ስኳር እንደሚለወጥ፣ ጭብጡም አብሮ እንደሚለወጥ። ያን ጊዜ ጎረቤቱን ለቆ በደም ወይ በንፍፊት መንገድ ይሄድና ሌላ ቦታ ይይዛል።

«የለቀቀው ለምን አይሞትም?»

«ጤነኛ ቢሆን ይሞት ነበር። ይኼ አይሞትም። ያጠናሁት ይህንን ነበር፤ የቱ ስኳር ሲለወጥ እንደሚለቅና እንደሚይዝ።»

«ታዲያ አገኘሽው?»

«ጥቂቱን። አልጨረስኩትም።»

ወንፊቱን አስቀመጡ። «ይህን ስትማሪ ነው የኖርሽ?» አሉ። ከዚያ በፊት ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር፤ እኔም ነግሬያቸው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሻያቸውን ሳቀርብላቸው የስኳሩን ቆርቆሮ ወደኔ መለሱት። ሱዳን ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ ማየት እንግዳ ነገር ነው፤ አማቴ ደግሞ ማንኪያው የሚቆምበት ሻይ ነበር የሚወዱት።

«ምነው?»

«ስኳር ነው አላልሽም?»

«እማማ፣ የሻዩ ስኳር አይደለም። ያኛው ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነው። ቢተውትም ባይተውትም ሕዋሱ ይሠራዋል።»

«ጠይብ፣ እሺ» አሉና ሻያቸውን መራራውን ጠጡት። ፊታቸው ተጨማደደ። በቀጣዩ ቀንም፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ደግሜ ደጋግሜ አስረዳኋቸው። ጎረቤቶች ሲጠይቋቸው «ምራቴ ሐኪም ናት፣ እሷ ተይ ብላኝ ነው» ይሉ ጀመር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ይተዉም አላልኳቸውም። ከላቦራቶሪ ደክሜ ስገባ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ስኳር ይጠይቀኛል፤ የስኳሩን ወሬ ሳስተባብል እመሻለሁ። በመጨረሻ ተውኩት።

በቀዶ ጥገናው ቀን መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሐኪሙ በስልክ ብርሃን ሠራ ብለው ነርሶቹ ነገሩኝ። ተረከዛቸውን ሰፋ አድርጎ ቆርጦ አወጣው፣ ከጭናቸው ስስ ቆዳ ገፍፎም ሸፈነው። ከወገባቸው በታች ብቻ ስለደነዘዙ ሁሉንም ይሰሙ ነበር። ሲወጡ፣

«ሲያወሩ የዋሉት ስለ ቤት ኪራይ ነው» አሉኝ።

ቤት ከገባን በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። መራመድ ክልክል ነው። አቅፌ አነሳቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ ቁስሉን እጠርጋለሁ፣ ላቦራቶሪ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ ዌካውን እንድትሸጥልን ሱቅ ወስጄ ለጎረቤታችን አደርሳለሁ፣ በርሜል እሞላለሁ። ጀርባዬ ሊታጠፍ አልቻለም። አንድ ቀን ቁስሉን ስጠርግ እንቅልፍ ወስዶኝ ግንባሬ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ስነቃ እጃቸው ጸጉሬ ላይ ነበር።

«ቅድም መጥቶ የሄደው የውሃው ሰው ነው» አሉ። «አልቀሰቀስኩሽም። ለዛሬ ያለው ይበቃናል።»

ያ ቀን በመካከላችን አንድ ነገር አላላ። ሲደክመኝ ደክሞኛል ማለት ጀመርኩ፤ ሲያማቸው አመመኝ ይላሉ። ገና እንደተዋወቅን ሁሉ ስለ ልጅነቴ ይጠይቁኛል። እሳቸውም ባላቸው ሞቶ፣ ባሌን በጀርባቸው አዝለው ከአርማጭሆ ወደዚህ የወረዱበትን ጊዜ ነገሩኝ። ሌላ ልጅም ነበራቸው፣ መንገድ ላይ የቀረ። ባሌ ራሱ ይህን አያውቅም ነበር።

ሐኪሙ ቆዳው ይዟል አለ። ዱላ ይዘው መራመድ ጀመሩ። ዓመት ሊሞላ ሲል ሱቅ መቀመጥም ቻሉ። በዚያ ሰሞን አንድ የቀድሞ አስተማሪዬ ከካይሮ መልእክት ላከልኝ። ላፕቶፕሽ ላይ የቀረ ውጤት ካለ አንድ ላይ አድርገን ብንጽፈው ይላል። ሰንጠረዡን ከፍቼ አየሁት። ግማሹ ባዶ ነው። እየቆየሁ እሞላዋለሁ ብዬ ነበር የተውኩት፤ የሚሞሉት ሕዋሳት የሉም። የጎደለኝን ዘርዝሬ ላኩለት፣ ስለአማቴም ጻፍኩለት። «አዝናለሁ፣ በርቺ» ብሎ መለሰ። ከዚያ በላይ ምን ሊል ይችላል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አማቴ ቀሚሳቸውን እያጠብኩ ሳለ ጠሩኝ። ብሽሽታቸውን አስነኩኝ። ንፍፊቱ እንደ ለውዝ ጠጥሯል፣ ከሥሩ ተጣብቆ አይነቃነቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጥቂት ቆየ። ልጄ ለፋሲካ እስኪመጣና እስኪሄድ ብዬ ነው የደበቅኩት።»

ሌላኛውንም ብሽሽታቸውን ዳሰስኩ። እሳቸው ቀጠሉ።

«ለቅቆ ሄዶ ሌላ ቦታ ያዘ ማለት ነው? እንዳልሽኝ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ስኳሩን ሁሉ ትቼ?»

«ስኳሩን መተውዎ እንደማያገባው ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረሽኛል» አሉ። «ገብቶኛልም፣ ያኔውኑ ነው የገባኝ። እኔም የማደርጋት አንዲት ነገር እንድትኖረኝ ብዬ ነው። አንቺ ታጥቢያለሽ፣ ሐኪሙ ይቆርጣል፣ ልጄ ይደውላል። እኔስ?»

 ያን ከሰዓት ሻይ አፈላሁ። የስኳሩን ቆርቆሮ ራሳቸው አነሱት፣ አንድ ሁለት ብለው ጨመሩ፣ ደግመው ጨመሩ፣ ቀመሱና «አይ፣ አንቺ! ስንት ቀን መርዝ ስጠጣ ኖርኩ!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። 

ባሌ በሳምንቱ መጣ። ወደ ጎንደር እንውሰዳት አለ። በገላባት በኩል መተማ ተሻግረን፣ እዚያ ሆስፒታል አለ፣ ከዚያም አዲስ አበባ። መንገዱ ያኔ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ተኩስ አለ የሚሉም፣ ሰው ይዘው ገንዘብ ይጠይቃሉ የሚሉም ነበሩ። ሐኪሙን ጠየቅነው። የደረታቸው የራጅ ፎቶ ላይ ሳንባቸውም ውስጥ እንደገባ አሳየን፤ «መንገዱን ችለው ቢደርሱ እንኳ የሚረዳቸው መድኃኒት እዚያም መኖሩን አላውቅም» አለ።

ባሌ ያን ማታ በር ላይ ቆሞ ጮኸብኝ።

«አንቺ ነሽ የምታውቂው! ስንት ዓመት የተማርሽው ለምንድን ነው? አንድ ነገር አድርጊ እንጂ!»

ልመልስለት ብዬ ነበር። ያወቅሁት ነገር ሳህን ላይ እንደሆነ፣ ሳህኑ ላይ ደግሞ ማጠብ እንደሚቻል ልነግረው። ከውስጥ የእናቱ ድምፅ ቀደመኝ።

«ተዋት! እሷ ደክማለች።»

ወደ ውስጥ ገብቶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። «እናቴ፣ እንሂድ» አላቸው፤ ድምፁ የልጅ ሆኖ ነበር።

«ያን መንገድ አንዴ ሄጄዋለሁ» አሉት። «አንተ ጀርባዬ ላይ ነበርክ፣ አታስታውሰውም። አሁን አንተ ጀርባ ላይ ሆኜ አልመለስበትም። የምሞተው ከሆነ ከቤቴ ነው።»

ሊያግባባቸው ሞከረ፣ ቄስ አመጣ፣ እኔ እንድናገር ለመነኝ። አልተናገርኩም። እውነቱን ለመናገር እሳቸው እንቢ በማለታቸው እፎይ አልኩ። ያን መንገድ በሽተኛ ይዤ የምሄድበት ጉልበት አልነበረኝም፤ ይህን ለማንም አላልኩም፣ እሳቸው ግን ያወቁ ይመስለኛል። ባሌ ሥራውን ትቶ ቀረ። ማንሳቱንና ውሃውን እሱ ያዘልኝ፤ እኔ ማስታገሻውን በሰዓቱ መስጠትና ማጠብ። ማስታገሻው አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ሲጠፋ ሐኪሙ ራሱ ከየትም አፈላልጎ በኪሱ ይዞ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ብዙ ሳይናገር ይሄዳል።

አማቴ ያረፉት ክረምቱ መሐል ላይ ነው፤ ዝናቡ የገዳሪፍን ጥቁር አፈር ጭቃ አድርጎት መኪና በማይንቀሳቀስበት ሰሞን። ቀን ነበር፣ ባሌ እጃቸውን ይዞ፣ እኔ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ሳብስ። አስከሬኑን ወጣቶች በትከሻቸው ተሸክመው ጭቃውን እየረገጡ ወሰዱት። ቀብር ላይ ሱዳናውያኑ ጎረቤቶችም፣ ሐበሾቹም ነበሩ። አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ምራቲቱ ልቧ ደረቅ ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ቤት ገብቼ ጋደም አልኩና እስከ ማግስቱ ተኛሁ፤ ማንም አልቀሰቀሰኝም።

ባሌ ከሰልስቱ በኋላ ወደ ፖርት ሱዳን ተመለሰ። ነይ አለኝ፣ እመጣለሁ አልኩት፤ እስካሁን አልሄድኩም። ጠዋት የወባ ደም አያለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሴቶች ይመጣሉ። የመጀመሪያዋ ያቺው ጎረቤታችን ነበረች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘርግታ፣ «እስቲ እዪኝማ» አለች። ቀጥላ እህቷ፣ ከዚያ ከኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ለገበያ የመጡ የትግራይ ሴቶች፣ ከመፋዛ የመጣች አንዲት ገበሬ። ሐኪም አይደለሁም እላቸዋለሁ። እናውቃለን ይላሉ፣ እግራቸውን አይሰበስቡም።

አብዛኛው ስንጥቅ ነው፣ ወይ ያልለቀቀ ሒና፣ ወይ እውነተኛ እሾህ። እሾህ ሲሆን በመርፌ አወጣለሁ። ባለፈው ሳምንት የመጣችው የመፋዛዋ ሴት ግን አውራ ጣቷ ጥፍር ሥር ጥቁር መስመር አላት፤ መስመሩ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ቆዳው ፈሷል። ይዣት ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። ራክሻ ውስጥ ስንሄድ ምን ይሆን ብላ ጠየቀችኝ።

«ገና አናውቅም» አልኳት። «ይቆርጥና ይልከዋል። እስኪመጣ እንጠብቃለን።»

ቁራጩ ትናንት ወደ ከሰላ ሄዷል።